የማይቀቀለው

ተከታታይ ታሪክ

ክፍል 1

«ወባ አይደለም ትሉኛላችሁ። ካላዛር ነው ብላችሁም አትቆርጡልኝም። ታዲያ ምኑን ልታክሙልኝ ነው ሲስተር?»

እናቱ ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ሰብስበው፣ ጋቢ ተደርቦለት አግዳሚው ላይ የተጋደመውን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። ከደባርቅ በላይ ካለው መንደራቸው ሌሊት ተነሥተው፣ እሱን በቅሎ ላይ አስቀምጠው ነው የወረዱት። ኅዳር ነው፤ ገብሱ ታጭዶ ገና አልተወቃም። እሳቸው ግን አውድማውን ለጎረቤት ትተው፣ ሁለት በግ ሸጠው መጥተዋል።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ልጁን ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት ከመተማ የሰሊጥ እርሻ ሲመለስ ጣፊያው እምብርቱ ድረስ አብጦ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ነበር። በቀን ሁለት ሁለት መርፌ ለ17 ቀን ተወግቶ፣ ሥጋ ለብሶ ወደ ቤቱ ሄደ። ባለፈው ሐምሌ ላይ «ጎንደር ሄጄ ከግንበኛ ጋር ልሥራ» ብሎ ከእናቱ ተሰናበተና ተመልሶ መተማ ወረደ። የደባርቅና የዳባት ወጣት መሬቱ ጠቦት፣ በየክረምቱ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። እዚያ ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስተኛም። ግራር ሥር፣ የተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈር ላይ ይተኛሉ። ካላዛርን የምታስተላልፈው ከትንኝ ያነሰችው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የምትደበቀው እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው።

አሁን ትኩሳቱ ከያዘው ሦስት ሳምንት አልፎታል። ጸበል ተወስዷል፣ ቀለል አለው፣ ደግሞ ተመለሰበት። ባለሙያዋ የደሙን ስላይድ ሁለት ጊዜ በማይክሮስኮፕ አየችው፤ የወባ ተውሳክ የለም። በካላዛሩ ፈጣን ምርመራ ሁለት መስመር ወጣ። ሌላ ታማሚ ቢሆን ሁለቱ መስመር ብዙ በነገራት ነበር። ይህ ምርመራ ግን የሚያየው ተውሳኩን ሳይሆን ሰውነት ተውሳኩን ለመዋጋት ያመረተውን መከላከያ ነው። መከላከያው ሰውየው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱ መስመር የዘንድሮው ሕመም ይሁን የአምናው ማንም ሊለይ አይችልም።

«ሌላ መንገድ የለም?» አሉ እናቱ።

«አለ እማማ። ጣፊያው በመርፌ ተወግቶ የሚወጣው በማይክሮስኮፕ ይታያል። ግን ደሙን የሚያረጋው ፕላትሌት በጣም ወርዶበታል። ከተወጋ በኋላ ደሙ አልቆም ቢል እዚህ ማስቆም አንችልም።»

እናቱ ዝም አሉ። ባለሙያዋ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ጎንደር ላለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ደወለች። ጓደኛዋ ለጥናት የሚሠራበት የፒ ሲ አር ማሽን አለው። ፒ ሲ አር መከላከያውን ሳይሆን የተውሳኩን የራሱን ዲ ኤን ኤ ነው የሚፈልገው፤ ከደም ጠብታ ውስጥ ጥቂቷን አግኝቶ እስክትታይ ድረስ ያባዛታል።

«ደሙን በማጣሪያ ወረቀት አድርቀሽ በሚኒባስ ላኪው። በረዶ አያስፈልገውም» አላት። «ደግሞ ቆላ ወርዶ የማያውቅ ጤነኛ ሰው ደም ጨምሪልኝ። ማነጻጸሪያ ይሆነኛል።»

ስልኩን ዘግታ ስትመለስ እናቱ ሰምተው ኖሯል፤ ጣታቸውን ዘርግተው ጠበቋት።

«የኔን ውሰጂ ልጄ። እኔ ከሊማሊሞ ቁልቁል ወርጄም አላውቅ፣ ቆላ ምን እንደሚመስልም አላውቅ።»

ፈቃዳቸውን ጠይቃ ወጋቻቸው። በሁለተኛው ወረቀት ጠርዝ ላይም በእጇ «ቆላ ያልወረዱ» ብላ ጻፈች። ወረቀቶቹ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ማታውን ጎንደር ደረሱ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጓደኛዋ መልእክት መጣ። «ወረቀቶቹ ደርሰውኛል። ግን መብራት ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ማቀዝቀዣው ቀልጦ ጠበቀኝ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀመጥ የነበረበት ኢንዛይም እንደ ክፍሉ ሞቋል። ያለኝ ደግሞ ይሄው ብቻ ነው። ልጥለው ነው።»

ክፍል 2

«እንዳትጥለው!»

እንቅልፍ ከዓይኗ ጠፍቶ ነበር የደወለችለት። «ሌላ ኢንዛይም ቢሆን እሺ እልህ ነበር። ይሄ ግን ማሽኑ ውስጥ በየዙሩ 95 ዲግሪ እየገባ የሚወጣ ነው። የጎንደር የኅዳር አየር ምን ያደርገዋል?»

«ትእዛዙ እኮ…»

«ትእዛዙ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ነው። መብራቱ ሲመጣ ሞክረው፤ ካልሠራ ያኔ ትጥለዋለህ።»

እንዲህ እርግጠኛ ያደረጋት ምን እንደሆነ ለመናገር ከደባርቅ ወጥቼ ሩቅ መሄድ አለብኝ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ይረጋል፤ ዳግም አይፈስም። የሚረጋው ፕሮቲኑ ነው፤ አብዛኛው ፕሮቲን ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በመታጠፉ ነው። ረጅሙ ሰንሰለት ተጣጥፎ የተወሰነ ቅርጽ ሲይዝ ሥራ ይጀምራል፤ ሙቀት እጥፋቱን ሲፈታው ያበቃለታል። ኢንዛይምም ፕሮቲን ነው። የፒ ሲ አር ችግርም ይኸው ነበር። ሁለቱን የዲ ኤን ኤ ክሮች ለመለያየት ቱቦው ወደ 95 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ጎንደር ከተማ ላይ በክፍት ድስት ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ደባርቅ ላይ በ90 ገደማ እንደሚፈላ ስናስብ ይህ ከፈላ ውሃ በላይ ነው። ቱቦው በጥብቅ የተዘጋ ስለሆነ ነው ፈሳሹ የማይተነው። ኬሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ዘዴ ሲያስብ በእጁ የነበረው ኢንዛይም የኢ. ኮላይ ነበር። ኢ. ኮላይ የአንጀት ባክቴሪያ ነው፤ የለመደው 37 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ኢንዛይሙ በየዙሩ ይቀቀላል፤ በየዙሩ ቱቦው ተከፍቶ አዲስ ይጨመራል። 30 ዙር ካለ 30 ጊዜ።

መፍትሔው ግን አስቀድሞ ተገኝቶ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ በ1966 የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ካለ ፍል ውሃ ናሙና ቀዱ። በዚያ ዘመን ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ የሚፈልጉ ሰዎች 55 ዲግሪ ላይ ነበር የሚያሳድጉት። እነሱ ከፍ አድርገው 70 ዲግሪ ላይ ሞከሩ፤ አደገ። በ1969 ቴርመስ አኳቲከስ ብለው አሳወቁት። በ1976 ሲንሲናቲ ውስጥ አሊስ ቺየንና ባልደረቦቿ ከዚህ ባክቴሪያ ዲ ኤን ኤ ገልባጩን ኢንዛይም ለይተው አወጡ። ከባክቴሪያው ስም ተቆርጦ «ታክ» የሚል ስም የወጣለት እሱ ነው። በ1988 ፒ ሲ አር በታክ እንደሚሠራ ታተመ፤ ቱቦውን በየዙሩ መክፈት ቀረ።

ታክ እንደማይቀቀል ታወቀ። ለምን እንደማይቀቀል ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ምክንያቱም ቅርጹን ያየ ሰው የለም። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በብርሃን ማይክሮስኮፕ አይታይም። መንገዱ ክሪስታል ነው። ኢንዛይሙን ከሌላው ሁሉ አጥርቶ፣ ጠብታው ቀስ እያለ ውሃውን እንዲያጣ በማድረግ፣ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ሞለኪውሎች በረድፍ እንዲሰለፉ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ አይሰለፉም፤ አተላ ሆነው ይቀራሉ። ከተሰለፉ በክሪስታሉ ውስጥ ኤክስሬይ ይሰደዳል፤ ጨረሩ ተበትኖ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ይተዋል። ከነጥቦቹ ድምቀትና አቀማመጥ እያንዳንዱ አቶም የት እንዳለ በስሌት ይወጣል።

በ1995 ሁለት ቡድኖች በዚህ መንገድ ታክን አዩት። አንዱ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቶማስ ስታይትዝና የኮሪያ ባልደረቦቹ ነው፤ ሁለተኛው ሴንት ሉዊስ ውስጥ የጋብሪኤል ዋክስማን። ስታይትዝ ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1985፣ የኢ. ኮላዩን ኢንዛይም ቅርጽ አውጥቶ ነበር። ያኔ ያየው ቀኝ እጅ ይመስላል፤ መዳፍ፣ ጣቶችና አውራ ጣት አለው፤ ዲ ኤን ኤው መዳፉ ላይ ያርፋል። አሁን 832 አሚኖ አሲድ ያለው ታክ በ2.4 አንግስትሮም ጥራት ተገለጠ። አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው።

የታየውም ያው እጅ ነው። ያው መዳፍ፣ ያው ጣቶች፣ ያው አውራ ጣት። አንዱ ገና በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈታ፣ ሌላው 95 ዲግሪ ላይ ከግማሽ ሰዓት በኋላም የሚሠራ ሁለት ኢንዛይሞች፣ አጥንታቸው አንድ ነው። ምሥጢሩ የወጣው አቶም ከአቶም ጎን ለጎን ሲነጻጸር ነው። ታክ ውስጥ ውሃ የሚሸሹት ክፍሎች እምብርቱ ላይ ይበልጥ ተጠጋግተው ተጭነዋል። እርስ በርስ የሚገፋፉ ተመሳሳይ ኤሌክትሪካዊ ሙሌቶች በርካቶቹ ቦታ ለቀዋል። አንድ ትልቅ ብልሃት የለም። በብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት የተጠናከረ መያያዝ ነው ተደምሮ ያንን ሁሉ ሙቀት የሚችለው። እኔ ይህን ሳነብ ከማንኛውም ተአምር በላይ ነው የደነቀኝ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ያ ፍል ውሃ ያለበት የሎውስቶንና ከደባርቅ በር የሚጀምረው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ በአንድ ዝርዝር ላይ የተጻፉ ናቸው። ስሜንም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተቆለለ ነው፤ ዛሬ የፈላ ውሃችን የሚበዛው ግን በስምጥ ሸለቆና በአፋር ነው። በዚያ ያለውን ሀብት የኛው ሰዎች ነክተውታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አማረ ገሠሠ በሶዳ ሐይቅ ከተገኘ ባክቴሪያ ሙቀት የሚቋቋሙ ሁለት ኢንዛይሞችን አጥርቶ በ1998 አሳትሟል። ክሪስታልን በኃይለኛ ኤክስሬይ የሚመረምረው ሲንክሮትሮን ግን በመላው አፍሪካ አንድም የለም። የፒ ሲ አር መብት በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ የሎውስቶን ምንም አልደረሰውም። ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ1998 ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 በጀነቲክ ሀብታችን ላይ እንዲህ ያለው እንዳይደርስ የታሰበ ነው። አዋጁ አለን፤ ሀብቱን አጥርቶ የሚያይ ዓይን ደግሞ መገንባት አለብን።

መብራቱ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጓደኛዋ አራት ቱቦ አሰናዳ፤ የልጁ፣ የእናቱ፣ ካላዛር እንዳለው አስቀድሞ የተረጋገጠ ናሙና፣ አራተኛው ደግሞ ንጹሕ ውሃ ብቻ። ሦስት ቀን የሞቀውን ታክ በአራቱም ጨመረ። ማሽኑ 35 ጊዜ ወደ 95 ወጥቶ ወረደ። ጄሉን አፍስሶ፣ ኤሌክትሪክ አሳልፎበት፣ መብራቱን አጥፍቶ የአልትራቫዮሌቱን ጨረር አበራ።

«ይሠራል!» ብሎ ጮኸ በስልክ። «ኢንዛይሙ በሕይወት አለ! የተረጋገጠው ናሙና በርቷል። የልጁም በርቷል…»

«ከዚያስ?»

ወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ።

«የእናቱም በርቷል። ውሃ ብቻ ያለበት ቱቦም በርቷል።»

ክፍል 3

ውሃ ካላዛር ሊኖረው አይችልም። ውሃው ከበራ ሌላው ሁሉ ምስክርነቱን ያጣል።

«ልጁ ምልክቱ ሁሉ አለው» አላት ጓደኛዋ፤ ደክሞታል። «ሁለት መስመርም ወጥቶለታል። መድኃኒቱን ለምን አያስጀምሩትም?»

«አምና የወሰደው መድኃኒት ልብ ይጎዳል፣ ቆሽት ይጎዳል። ካላዛር ካልሆነ ለሌላ በሽታ የሚተርፈውን አቅሙን ነው የምንጨርሰው። ውሃው ለምን በራ? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።»

«ኢንዛይሙ ይሆናላ። ተበላሽቶ የሌለውን እየጻፈ ይሆናል።»

ባለሙያዋ አሰበች። የክሪስታሉ ሥዕል ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለች መምህሯ ሰሌዳው ላይ ስሎት ነበር። የኢ. ኮላዩ ኢንዛይም ከገልባጩ እጅ ጎን ሌላ ክፍል አለው፤ የተሳሳተ ፊደል ሲገባ ቆርጦ የሚያወጣ አራሚ። ታክ ላይ የዚያ ክፍል ቅርጽ አለ፤ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ማረም የሚያስችሉት ብረት ያዥ አሚኖ አሲዶች ግን የሉም፤ ጉድጓዱም ተደፍኗል። ስለዚህ ታክ ሲገለብጥ የሳተውን ተመልሶ አያርምም። ሰዎች ስሕተቱን አስቀድመው በሙከራ አይተውት ነበር፤ ምክንያቱን በዓይን ያሳየው ክሪስታሉ ነው።

«ስማኝ» አለችው። «ታክ ፊደል ይስታል። አራሚው ስለማይሠራ አንዷን ፊደል በሌላ ይቀይራል። የሌለ ዲ ኤን ኤ ግን ፈጥሮ፣ በዚያው ርዝመት፣ በዚያው ቦታ አያበራም። እሱ የሚገለብጠው የተሰጠውን ነው። ውሃው ውስጥ የሰጠው ሰው አለ።»

«እኔ ነኛ» አለ ቀስ ብሎ።

የካላዛር ተውሳክ አንዱ ብቻውን 10 ሺህ ያህል ትናንሽ የዲ ኤን ኤ ቀለበቶች ይይዛል። ምርመራው የሚያነጣጥረው በእነዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህም እጅግ ጥቂት ተውሳክ ይይዛል። በዚያው ልክ ግን ከአንዱ ቱቦ የተረጨች በዓይን የማትታይ ብናኝ ሌላውን ሁሉ ለመበከል ትበቃለች። ጓደኛዋ ወረቀቶቹን የበሳው በአንድ መብሻ ነው፤ መጀመሪያ የበሳው ደግሞ ተውሳክ እንዳለበት የተረጋገጠውን። ከቆረጠ በኋላም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ውሃውን ከፍቷል።

ሌላ ክፍል ሄደ። ጠረጴዛውን በበረኪና አጠበ፤ አዲስ ጓንት አጠለቀ፤ ያልተከፈተ ውሃ ፈልጎ አገኘ። መብሻውን ትቶ ለእያንዳንዱ ወረቀት አዲስ ምላጭ ተጠቀመ። በዚህኛው ዙር ውሃውን ቀድሞ አሰናድቶ ዘጋ፤ ከዚያ እናቱን፣ ከዚያ ልጁን፣ የተረጋገጠውን መጨረሻ። የቀረው ታክ ለአራት ቱቦ ብቻ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ ልጁ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የለውም። ደባርቅ ላይ ትኩሳቱ 40 ዲግሪ ደርሷል፤ ሌሊቱን እናቱን በስም መጥራት አቁሞ ነበር።

ባለሙያዋ እስኪደውልላት መቀመጥ አቃታት። መዝገቡን ገልጣ የላከችውን ቁጥር ከወረቀቶቹ ፎቶ ጋር አስተያየች። ይገጥማል። እናቱ ኮሪደሩ ጥግ ተቀምጠው፣ ያመጡትን ቆሎ ሳይቀምሱ በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል።

ስልኩ ጮኸ።

«ውሃው አልበራም» አላት። «ንጹሕ ነው። የተረጋገጠው በርቷል። አሁን ማመን ይቻላል።»

«ልጁስ?»

«ልጁ ምንም የለበትም። ጨለማ ነው።»

ትንፋሿ መለስ አለ፤ ወዲያው ተመልሶ ያዛት። ካላዛሩ አልተመለሰም ማለት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ትኩሳት የምን ነው? ሳንባ ነው? ታይፎይድ? ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሳሳተውን በር ሲያንኳኩ ነው የከረሙት።

«ገና አልጨረስኩም» አለ ጓደኛዋ። «የእናቱ በርቷል።»

«ወረቀቱ ተቀያይሮብህ ይሆናል።»

«ጽሑፍሽን እያየሁት ነው። ‹ቆላ ያልወረዱ› ይላል።»

ይህ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለ፤ እሷም ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ካላዛር ሲገባ ከታመሙት ብዙዎቹ ቆላ ያልወረዱ ደገኞች ነበሩ፤ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ተውሳኩ ገብቶበት ሳይታመም ለዓመታት የሚኖር ሰውም አለ። ግን ከደባርቅ በላይ፣ ውርጭ በሚያድርበት መንደር ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አትኖርም። እዚያ የበራ ደም ከሌላ ቦታ የመጣ መሆን አለበት።

ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እናቱ ፊቷን አዩትና ብድግ አሉ።

«ሞተ?»

«አልሞተም እማማ። ካላዛርም አይደለም። ሌላ ነገር ልጠይቅዎ ነበር። ቆላ ወርደው አያውቁም? በልጅነትዎም ቢሆን?»

እናቱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ልጃቸው የተኛበትን ክፍል በር ሄደው ዘጉት። ተመልሰው ክንዷን ያዙና ወደ መስኮቱ ሳቧት።

«መተማን ከእሱ በፊት የማውቃት እኔ ነኝ» አሉ። «የሱም አባት እዚያ ነው ያለው። ልጄ ግን የሞተ ነው የሚመስለው።»

ይቀጥላል